ቲቸር፣ በአማርኛ ምን ይባላል?

አስራ አንድ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ስለ መራቢያ አካላት የሚያወራውን ምዕራፍ አንድም ቀን በአማርኛ አስተምሬው አላውቅም። ይሄን የምላችሁ በኩራት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንደኔ ላለው ሰው ጥሩ መደበቂያ ነው፣ ቦርዱ ላይ ስዕሉን እስላለሁ፣ ዩትረስ ኦቫሪ ፔኒስ ቫጃይና እያልኩ ቀስት አወጣለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይደወላል፣ በቃ ምዕራፉ አለቀ። እንግሊዝኛው ጓንት ነው፣ ነካሁት እላለሁ እንጂ አልነካሁትም። ካቻምና አንዷ መጨረሻ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?" አለችኝ፣ ወደ የትኛው ቀስት እንደጠቆመች አልነግራችሁም፣ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፣ እኔ ደግሞ ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ፣ "ቤትሽ ሄደሽ ጠይቂ"። ቤቷ! እኔ በዲግሪ ተምሬ ያልቻልኩትን እናቷ እንጀራ እየጋገረች ትንገራት። ልጅቷ ተቀመጠች፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን ደግማ አላወጣችም።

ትምህርት ቤታችን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፣ የአዳማ ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ አይርቅም። ግማሹ ልጅ የኮንዶሚኒየም ነው፣ ሌላው መሬታቸው ለልማት የሄደባቸው የገበሬ ልጆች፣ ከዛ ደግሞ ኮንስትራክሽን ላይ ለሚሰሩ የቀን ሰራተኞች ልጆች አሉ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ቀን ሰው ቤት ሲሰሩ የዋሉ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። እኔ ቀንም ማታም አስተምራለሁ፣ ደሞዙን ታውቁታላችሁ።

ክረምት ላይ ከወረዳ ደብዳቤ መጣና ርዕሰ መምህሩ "አንተ ሳይንስ ስለሆንክ" ብሎ ላከኝ። ከኔ ጋር የአማርኛ መምህሯ፣ የስፖርት መምህሩ እና የግብረ ገብ መምህራችን ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመኔ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤው "የሕይወት ክህሎትና የሥነ ተዋልዶ ጤና ስልጠና" ይላል። አዳራሹ ውስጥ ፓወር ፖይንቱ ሲበራ ግን ርዕሱ "ሴክሹዋሊቲ ኤዱኬሽን" ነው። የአማርኛ መምህሯ ወዲያው ጠጋ ብላ "ይሄን እንዴት ነው የምንተረጉመው?" አለችኝ። እውነትም ቸገረን። የወሲብ ትምህርት ብትለው ወላጅ ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ፆታ ብትል ደግሞ ሰዉ ለተፈጥሮውም ለማህበራዊውም ያንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው፣ ስርዓተ ፆታ ስትል ሰዉ የሴቶች ቀን በዓል ይመስለዋል። አሰልጣኞቹም አልመለሱልንም፣ አራቱንም ቀን "ይሄ ትምህርት" እያልን ጨረስነው። አንድ ነገር ስም ሳይኖረው ስልጠና ሲሰጥበት ያየሁት ያኔ ነው።

ሀሜት ካልሆነብኝ፣ ከአራቱ ቀን አንድ ተኩሉ የባከነ ነው። ትርጓሜ፣ የቡድን ውይይት፣ ፍሊፕ ቻርት ላይ ለጥፋችሁ አቅርቡ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ለማባረር ተነሱ አጨብጭቡ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ እንደ ኬጂ ልጅ ሲዘል። ግን ሁለተኛዋ አሰልጣኝ ነርስ ነበረች፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ ረጅም ጊዜ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የሰራች፣ እሷ ባትኖር ይሄን አልጽፍም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ፕሪ ቴስት ሰጡን። እኔ ገና ወረቀቱን ሳየው ፈገግ አልኩ፣ ይሄማ የኔ ሜዳ ነው። ጥያቄ አራት፦ የወር አበባ ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ልጅ እንቁላሏ በስንተኛው ቀን ነው የሚወጣው? 14 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ ያለው የሌላ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ መምህርም 14 ብሏል (አይቼበታለሁ፣ አዎ)። ሲስተር ወረቀቱን ሰብስባ አየት አየት አደረገችና መነጽሯን አውልቃ "እንግዲህ ስንቱን ልጅ አሳስታችኋል" አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ነው። እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ ወደ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ዑደቷ ልክ 28 የሆነች ሴት ላይ ሁለቱም አቆጣጠር 14 ላይ ስለሚገጥም እኛ መጽሐፉን ሸምድደን "በ14ኛው ቀን" እያልን ኖርን፣ ዑደቷ 35 የሆነችው ግን 21ኛው ቀን አካባቢ ነው፣ 24 የሆነችው ደግሞ ገና 10ኛው ላይ። አሁን ይሄን አስቡት፣ የወንዱ የዘር ህዋስ ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላሏ ግን ከወጣች ቢበዛ 24 ሰዓት ነው ዕድሜዋ። ስለዚህ ዑደቷ አጭር የሆነ ሴት የወር አበባዋ በጨረሰ ማግስት "አሁን ምንም አይፈጠርም" ብላ ካሰበች ተሳስታለች፣ ያሳሳታት ደግሞ እኔ ነኝ። በዛ ላይ የአስራ ሦስት አስራ አራት ዓመት ልጅ ዑደት እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ አንዱ ወር 23 ሌላው 40 ይሆናል። አስራ አንድ ዓመት! ስንት ክፍል፣ ስንት ልጅ፣ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛው ቀን ነው ዋናው። ሲስተር ፍሊፕ ቻርቱ ላይ በአማርኛ ቃላት ጻፈች። የወንድ ብልት፣ የሴት ብልት፣ የዘር ፍሬ፣ የዘር ፈሳሽ፣ የወር አበባ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት። ከዛ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ድምፁን ሳይቀንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ይበል አለች። ቀላል ይመስላል አይደል? የስፖርት መምህራችን፣ ሰማንያ ኪሎ ብረት የሚያነሳ ጎረምሳ፣ ሁለተኛው ቃል ላይ ላብ አጠመቀው፣ ሳል ያዘው፣ ውሃ ጠጣ፣ እንደገና ጀመረ፣ ሳቀ፣ እንደገና ሳቀ፣ ሦስተኛ ጊዜ ወጣለት። እኔ ራሴ ድምፄ እንደ ቅዳሴ ዜማ ቀጥኖ ነው የወጣው። ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን ቃላት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንብቤያለሁ፣ ከአፌ ግን ወጥተው አያውቁም፣ ከአፌ የሚወጡት በቀልድ ወይ በስድብ ያሉት ናቸው።

ከዛ ሲስተር ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፣ እቤታችሁ ይሄ ምን ይባል ነበር? የሚወጣው ነገር ጉድ ነው። ሀፍረተ ሥጋ። ቃሉን እስቲ ፍቱት፣ የሥጋ እፍረት፣ ስሙ ውስጥ ራሱ እፍረት አለበት፣ ልጁ ገና ስሙን ሲሰማ ማፈር እንዳለበት ይነገረዋል። አንዷ መምህርት አያቷ የወር አበባን "አደፍ" ይሉት እንደነበር ተናገረች፣ አደፍ ማለት እድፍ ነው፣ ቆሻሻ። በሌላ በኩል ያው አማርኛ ራሱ "የወር አበባ" ይላል፣ አበባ፣ እንዲህ የሚያምር ቃል እያለን ልጆቹ እሱን ለመናገርም ይንሾካሾካሉ። ከዛ የኛ የአማርኛ መምህር ተነስታ የተናገረችውን እስካሁን አልረሳውም፣ "ዶሮ አስራ ሁለት ብልት አላት፣ እኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ላይ አስራ ሁለቱንም በስም እየጠራሁ እገነጥል ነበር፣ አንዱን ባሳስት እናቴ ማማሰያ ነው የምታነሳብኝ፣ የራሴን ግን አንዱንም በስሙ አላውቀውም ነበር፣ የወር አበባዬ ሲመጣ የምሞት መስሎኝ ሽንት ቤት ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት"። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዛ ፀጥ አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ወደ ስልጠና የሄድኩት እውቀት ሊጨምሩልኝ መስሎኝ ነው፣ ለካ መጀመሪያ የሚሰለጥነው አፌ ነው። 14ቱን ቀን በሁለት ደቂቃ አረምነው፣ "የሴት ብልት" ብሎ ሳያፍሩ መናገር ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ለአንዳንዱም አልበቃውም።

ሦስተኛው ቀን እየተነሳን 15፣ 15 ደቂቃ አስተማርን፣ ሌሎቹ ተማሪ ሆነው ይረብሻሉ፣ በጣም ጎበዝ ረባሾች ነን። አንዱ "ቲቸር አንተ በስንት ዓመትህ ነው የጀመርከው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ደሜ ፈላ። ሲስተር አቆመችኝና "ልጆቹ በእርግጠኝነት ይሄን ይጠይቁሃል፣ የራስህን ሕይወት አትመልስም፣ ልጁንም ጠይቆ ነውረኛ እንዳደረገ አታደርገውም፣ 'የግል ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ አናወራም፣ የኔንም የእናንተንም' ትላለህ፣ ትቀጥላለህ" አለችኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሸመደድኳት። ሌላው የጥያቄ ሳጥን ነው፣ ልጆች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ የሚከቱበት፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዘዴው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ጥያቄ ያለውም የሌለውም እኩል ወረቀት ይሰጠዋል፣ እኩል ይጽፋል፣ ጥያቄ የሌለው "ጥያቄ የለኝም" ብሎ ይጽፋል፣ አለበለዚያ እስክሪብቶ ያነሳችው ልጅ ወዲያው ትታወቃለች። ድሮ እኛ ተማሪ እያለን ጸረ ኤድስ ክበብ ነበር፣ ሚኒ ሚዲያው በየእረፍቱ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም እያለ ይጮህልን ነበር፣ እኔ ራሴ አንባቢ ነበርኩ፣ ምን እንደምጠቀም ግን አንድም ሰው አሳይቶኝ አያውቅም።

የወላጆች ጉዳይም ተነሳ። ሞጁሉ መነሻ ያደረገው ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2009 አውጥቶ 2018 ላይ ያሻሻለውን መመሪያ ነው፣ እሱ ከ5 ዓመት ነው የሚጀምረው፣ ሰው ይሄን ሲሰማ "ለአምስት ዓመት ልጅ!" ብሎ ይጮሃል፣ እኔም ጮኼያለሁ። ስታዩት ግን መመሪያው በዕድሜ የተከፋፈለ ነው፣ ከ5 እስከ 8 ያለው የሰውነት ክፍልን በስሙ መጥራት፣ ማንም ሰው ያላግባብ ቢነካህ ለምታምነው ትልቅ ሰው ንገር የሚለው አይነት ነው፣ ይሄ ደግሞ የትኛው ቤተ ክርስቲያን የትኛው መስጊድ የሚቃወመው ነገር ነው? ከዛ በኋላ ያለው ላይ ግን ክርክር አለ፣ ጋሼ ብዙውን አልተቀበሉትም፣ እኔም አንዳንዱ ለኛ ሰፈር እንዳለ አይገለበጥም እላለሁ። ወላጅ ቀድሞ ካልተነገረው ደግሞ ወሬው ይቀድማል። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ሲጀመር ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ነበር፣ እኛ ትምህርት ቤት መርፌው ሲመጣ መካን ያደርጋል ተብሎ ተወራ፣ አንዷ እናት ልጇን ከሰልፍ ላይ በክንዷ ጎትታ ስትወስድ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም መምህር ያን ጠዋት ክፍል ገብቶ ስለ ምን እንደሆነ ያስረዳ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሦስተኛ ፔሬድ ስለ ማግኔት ነበር የማስተምረው።

አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። አራቱን ቀን ሙሉ ብዙም አልተናገሩም ነበር። "ሲስተር፣ እሺ ይሄን ሁሉ ተናገርን፣ ልጆቹም አፋቸው ተከፈተ፣ ከዛ አንዷ ልጅ መጥታ ቤት ውስጥ እንዲህ እየተደረግኩ ነው ብትለኝ ለማን ነው የምሰጣት? እኔ እኮ ከሰላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር አንዷ ብቻ ናት የነገረችኝ፣ እሷንም ምን እንዳደረግኩላት አልነግራችሁም" አሉ። ድምፃቸው እንደ ሁሌው ነው፣ ከፍም ዝቅም አላለ። ፕሮግራሙ ላይ "ሪፈራል" ተብሎ የተጻፈለት 20 ደቂቃ ነበር፣ ውጪ ደግሞ የአበል ፊርማ ጀምረው ግማሹ ሰው ሰልፍ ይዟል። ዋናው አሰልጣኝ "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ" አለና ወደ ፖስት ቴስት አለፈ። ስልጠናውን ያዘጋጀውን ድርጅት ስሙን አልጠራም፣ ግን ይሄ አሁንም ያናድደኛል። አፍ ለማስከፈት ሦስት ቀን፣ ከተከፈተ በኋላ ለሚመጣው 20 ደቂቃ፣ እሱም ያልተሰጠ።

ሲስተር ግን ሻይ ላይ ጋሼን፣ እኔን እና የአማርኛ መምህሯን ይዛን ቁጭ አለች፣ ናፕኪን ላይ እየጻፈች ነው ያስረዳችን። ጥቃት የደረሰባት ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ካገኘች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ይጀመርላታል፣ 28 ቀን ነው የሚወሰደው፣ እርግዝናም ያኔ መከላከል ይቻላል፣ ሲዘገይ ሲዘገይ ዕድሉ ይጠባል። ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም ፖሊሱም የስነ ልቦና ባለሙያውም አንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። ልጅቷን ደጋግመህ አታስወራት፣ አንተ መርማሪ አይደለህም፣ ለማንም አልናገርም ብለህም ቃል አትግባ፣ ልትጠብቀው አትችልም። ያቺ ናፕኪን አሁንም የማርክ መዝገቤ ውስጥ አለች፣ የሻይ ጠብታ አለባት።

መስከረም ላይ ገባን። ሰባተኛ ክፍል፣ 58 ልጅ። ስዕሉን ሳልኩ፣ እንግሊዝኛውን ጻፍኩ፣ አጠገቡ አማርኛውን ጻፍኩና ፊቴን አዙሬ ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩት። ሳቁ ወደ አምስት ደቂቃ ቆየ፣ ጠበቅኩ፣ አልተቆጣሁም፣ እኔም ስቄያለሁ እኮ አዳራሹ ውስጥ። ከዛ አለቀ። ሲያልቅ እንዴት እንደሚያልቅ ብታዩት፣ እንደ ዝናብ ነው፣ ድንገት ያባራል። አንዱ ልጅ "ቲቸር ድምፃችን ለምንድነው የሚሻክረው?" ብሎ በሻካራ ድምፁ ጠየቀ።

የማታዎቹ ሌላ ናቸው። አብዛኞቹ ከሃያ በላይ ናቸው፣ ሳቅም የለም፣ በቀጥታ ነው። አንዷ ሳጥኑ ውስጥ "ፖስትፒል በየሳምንቱ ብወስደው ችግር አለው?" ብላ ጽፋለች። መልሱን በአማርኛ ስሰጥ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ እርግዝና ለመከላከል ነው፣ ግን ለድንገተኛ ብቻ፣ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል፣ 72 ሰዓት ሳያልፍ፣ የተፈጠረ እርግዝና አያስወርድም፣ ከኤችአይቪም አይከላከልም፣ በየሳምንቱ የሚያስፈልግ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ ዘዴ መምረጥ ነው። በ2016 የፈረንጆቹ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከ15 እስከ 19 ዕድሜ ካሉት ሴቶች የወለዱ ወይም ያረገዙ 3 በመቶ ናቸው፣ በሀገር ደረጃ 13፣ ስልጠናው ላይ አንዱ ይሄን ይዞ "የገጠር ችግር ነው" ሲል ነበር። የኔ የማታ ክፍል ታዲያ ከየት የመጣ መሰለው? አንዷ ተማሪዬ አገር ቤት ያለች የ15 ዓመት እህቷን ሊድሩ እንደሆነ ነግራኝ ሕጉ ምን ይላል አለችኝ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው የሚለው፣ የወንጀል ሕጉ ደግሞ ያለ ዕድሜዋ ያገባትን ይቀጣል፣ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 አልኳት። አንቀጹን ጻፍልኝ አለችኝ፣ 648 ብዬ ጻፍኩላት፣ ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ወደ ቀን ተማሪዎቹ ልመለስ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሳጥኑን ከፈትኩ። አርባ ምናምኑ "ጥያቄ የለኝም" ነው፣ አንዱ ስለ ብጉር፣ ሁለት ሦስቱ ስለ እግር ኳስ (ተስፋ አትቁረጡ ልጆቼ)። አንዷ ወረቀት አራት ጊዜ ታጥፋለች። "ቲቸር አንድ ሰው እምቢ እየተባለ ቢነካ ለማን ነው የሚነገረው። የቤት ሰው ቢሆንስ።" በእርሳስ ነው የተጻፈው። የእጅ ጽሑፉን ከደብተር ጋር ላመሳክረው እችል ነበር፣ 58 ደብተር ነው፣ አንድ ማታ በቂ ነበር። ለጋሼ አሳየኋቸው፣ ረጅም ጊዜ አዩትና "አትፈልጋት፣ ታገኝሃለች፣ አንተ ግን በሩን ክፍት አርገው" አሉኝ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፣ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን፣ እኔ የ72ቱ ሰዓት ነው የሚታየኝ።

በነጋታው ክፍል ገብቼ ወረቀቷን ሳላነብ፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት አድርጌ፣ እንዲህ አይነት ነገር ቢደርስ የማንም ልጅ ጥፋት አይደለም፣ ያደረገው የቤት ሰውም ቢሆን ጥፋቱ የሱ ነው አልኩና የሰሌዳው ቀኝ ጥግ ላይ ጻፍኩ፦ የአማርኛ መምህሯ ቢሮ፣ ጋሼ፣ እኔ፣ የፖሊስ 991፣ ጋንዲ ሆስፒታል፣ 72 ሰዓት። ከዚህ ጋንዲ ለመሄድ በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በባቡር ስታዲየም፣ ብቻችሁን አትሄዱም እኛ እንወስዳችኋለን አልኳቸው። ዙሪያውን ሳጥን አድርጌ አሰመርኩና ለክፍል አለቃው ይሄን እንዳታጠፋ አልኩት።

እስካሁን የመጣ የለም። ሲስተርን በየሳምንቱ እደውልላታለሁ፣ ጠብቅ ትለኛለች። የአማርኛ መምህሯ በየእረፍቱ ቢሮዋን ክፍት አድርጋ ትቀመጣለች፣ ድሮ ሻይ ቤት ነበር የምትሄደው። የሂሳብ መምህሩ ሰሌዳው ጠበበኝ ብሎ ስታፍ ሩም ውስጥ አንድ ሁለቴ አጉረመረመ፣ ምን እንደሆነ ስነግረው ዝም አለ። ትናንት ከሱ ቀጥዬ ስገባ ያቺን ሳጥን ሳይነካ ፋክተራይዜሽኑን ዙሪያዋን ጠምዝዞ ጽፎት አገኘሁ፣ መጨረሻው መስመር ቦታ አጥቶ የበሩ መቃን ላይ ደርሷል።